«ልጅዎ አይሰማም»

ደብተሩ እስካሁን ቤት አለ። ገጹ በላጲስ ብዛት ሳስቶ ሁለት ቦታ ተቀዷል። ከላይ መምህርቷ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈችው «በ» አለ። ከሱ ቀጥሎ የልጄ «በ»ዎች ተሰልፈዋል። አንዱ ተጋድሟል። አንዱ አንድ እግር ጎድሎታል። አንዱ ከመስመሩ ወርዶ ታች ካለው ጋር ተጋጭቷል። ግርጌው ላይ «ቤት ውስጥ ትኩረት ይሰጠው» ይላል።

ልጄ ያኔ አራት ዓመት ከሁለት ወሩ ነበር።

የምንኖረው ፒያሳ ነው። ትምህርት ቤቱ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል በእግር 10 ደቂቃ ቢሆን ነው። ኬጂ 1 ገብቶ ሁለት ወር ሳይሞላው የቤት ሥራ ተጀመረ። አንድ ገጽ አማርኛ፣ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ፣ አንዳንድ ቀን ቁጥር። እኔ ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ተሰልፌ ቤት ስገባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ልጁ ደክሞታል፣ እኔም ደክሞኛል። እርሳሱን እንደ ዘነዘና በሙሉ መዳፉ ጨብጦ ይጫናል። ጫፉ ይሰበራል። እንቀርጻለን። እንደገና ይሰበራል።

አንድ ማክሰኞ ማታ እጁን መታሁት። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን ሌላም እናት ያደረገችው ይመስለኛልና ልናገረው። ትንሽ አለቀሰ። ከዚያ እርሳሱን አንስቶ መጻፉን ቀጠለ። ዝም ብሎ መቀጠሉ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ።

በመገናኛ ደብተሩ ላይ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሌላ መልእክት መጣ። «ልጅዎ አይሰማም። ሲጠሩት ዝም ይላል። ተረት ሲነበብ ተነስቶ ይሄዳል።» ያነበብኩት ሁላችንም በምናነበው መንገድ ነው። አይሰማም፣ ማለትም አይታዘዝም፣ ያስቸግራል። ማታ ቁጭ አድርጌ መከርኩት። አባቱም ተቆጣው።

የተፈታልን እሁድ ቡና ላይ ነው። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የአፀደ ሕፃናት መምህርት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ደብተሩን አሳየኋቸው፣ ምሬቴንም ነገርኳቸው። ደብተሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አስቀመጡትና ልጁን ጠሩት። ፊት ለፊቱ ዝቅ ብለው ቁጭ አሉ።

«እስቲ ክብ ሥራልኝ አባቴ።»

ሠራ። ጫፉ ሳይገጥም ትንሽ ቢያልፍም ክብ ነው። መስቀለኛ መስመር ሠርተው አሳዩት፣ እሱንም አስመስሎ ሠራ። ካሬ ላይ ሲደርስ ማዕዘኖቹ እየተጠማዘዙ ድንች መሰሉ። «በአንድ እግርህ ዝለልልኝ» አሉት። ሁለቴ ዘሎ ወደቀ፣ ሳቀ።

«እጁ ደህና ነው» አሉኝ። «ክብ በሦስት ዓመት ግድም ይመጣል። መስቀለኛ በአራት። ካሬ ወደ አምስት ሲጠጋ ነው፣ ሦስት ማዕዘን ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ካሬ ያልደረሰበትን ልጅ ፊደል በመስመር ላይ አሳምርልኝ ትይዋለሽ?»

ልጁ ወደ መኪናዎቹ ተመለሰ፣ ጀርባውን ሰጥቶን። እትዬ ሲኒያቸውን አስቀምጠው በስሙ ጠሩት፣ ቀስ ብለው። አልዞረም። ትንሽ ጮክ አሉ። አልዞረም። ከዚያ ወለሉን በእግራቸው መታ አደረጉት። ያኔ ንዝረቱ ደርሶት ዘወር አለ።

«አይሰማም ያሉሽ እኮ እውነታቸውን ነው» አሉኝ።

የዚያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ በአንድ መጣልኝ። ቴሌቪዥኑን ሁልጊዜ ከፍ አድርጉልኝ ይላል። አንድ ነገር ስንነግረው «ምን?» ማለት ያበዛል። ስናወራው ዓይኑ ከአፋችን አይነሳም። ክረምቱን ሙሉ ጉንፋን አልለቀቀውም ነበር። ሁሉንም አይቼዋለሁ። አንድ ላይ ደምሬ አላየሁትም። ዓይኔ ሁሉ ደብተሩ ላይ ነበር።

አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። በመጀመሪያ በመብራት ጆሮውን አየለት። ከዚያ ጫፉ ላስቲክ የሆነ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ገባ። መሣሪያው ትንሽ አየር ይገፋና የጆሮው ታምቡር ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ በመስመር ይስላል። ደህና ጆሮ ኮረብታ የመሰለ መስመር ይሰጣል። የልጄ በሁለቱም ጆሮ ሜዳ ነበር። ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል።

ሐኪሙ ነገሩን በደንብ አስረዳን። ከአፍንጫ ጀርባ ወደ መሃል ጆሮ አየር የምታደርስ ቱቦ አለች። በልጆች ላይ አጭርና ጋደም ያለች ስለሆነች ከጉንፋን በኋላ ቶሎ ትዘጋለች። ያኔ ውስጥ ፈሳሽ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፣ መግልም አይወጣም፤ ስለዚህ ቤተሰብ አያውቅም። ልጁ ግን ውሃ ውስጥ ጠልቆ እንደሚያዳምጥ ሰው ነው የሚሰማው። አብዛኛው በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ስለዚህ መድኃኒት ሳይሰጠን ለሦስት ወር ቀጠረን። ዘይትም ጤና አዳምም ጆሮው ውስጥ እንዳናደርግ አስጠነቀቀን። አያቱ ጤና አዳሙን አዘጋጅተው ነበር፤ ማስተው ቀላል አልሆነልኝም። በሦስተኛው ወር የቀኙ ጠርቶ አገኘነው። የግራው ሁለት ወር ያህል ጨመረ።

ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትና የጠየቅኩት ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። የልጅ ዕድገት መለኪያ የሚባለውን ነገር፣ ልጅ በየዕድሜው ምን ላይ እንደሚደርስ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ እስከዚያ ድረስ ሰምቼ አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። እኔን ያስጨነቀኝ የእጅ ጽሕፈቱ ለዕድሜው ደህና ነበር። ያላስጨነቀኝ ጆሮው ነበር የታመመው። ሁለቱን የሚለይልኝ ነገር በእጄ አልነበረም።

መለኪያ ሲባል ፈተና እንዳይመስላችሁ። አብዛኞቹ አገሮች ልጅን ከአንድ በላይ በሆነ አቅጣጫ ነው የሚያዩት። አካልና እንቅስቃሴ፣ ቋንቋ፣ ማሰብ፣ ስሜትና ከሰው ጋር መኖር፣ እንዲሁም ለመማር ያለው ዝንባሌ። የኒውዚላንድ የሕፃናት ሥርዓተ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ የተሰጠው ስም በማኦሪ ቋንቋ «የተሸመነ ምንጣፍ» ማለት ነው። እኔ የአያቴን ስፌት ነው ያሰብኩት። አንዱን አክርማ ብቻ ብትጎትተው ሰፌዱ ይጣመማል። የኔ ቤት ያንን ጊዜ እንደዚያ ነበር፤ አንድ ፊደል ይዘን ስንጎትት።

የኛም አገር ባዶ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2010 የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቀዳማይ ልጅነት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አለ። አራት ምሰሶዎች አሉት። ሁለቱ ልጁ ትምህርት ቤት ደጃፍ ከመርገጡ በፊት ያለውን ይመለከታሉ፤ አንዱ የወላጅ ትምህርት፣ ሌላው ከእርግዝና ጀምሮ ያለ ጤናና ማነቃቂያ። ከዚያ ነው አፀደ ሕፃናትና የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚመጡት። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ማዕቀፍም አምስት ነገሮችን ይጠይቃል። ጤና፣ ምግብ፣ ደህንነት፣ የመማር ዕድልና ለልጁ ምላሽ የሚሰጥ እንክብካቤ። የመጨረሻው ላይ ብዙ አሰብኩ። ልጄ «ምን?» እያለ ሲጠይቀኝ የኔ ምላሽ «ስማ እንጂ!» ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በአገራችን አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። ልጄ እንግዲህ ሦስት ዓመት ገደማ ይቀረው ነበር። ይህን ቁጭ ብዬ ሳሰላው ያ ሁሉ ማታ ለምን እንደነበር ለራሴ ማስረዳት አቃተኝ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን የጊዜውን ስፋት ማወቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ፣ ጤናማ ልጆችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ውጤት አለ። ያለ ድጋፍ መራመድ ከ8.2 ወር እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። ዘጠኝ ወር ያህል ልዩነት ነው! ድጋፍ ሳይዙ መቀመጥም ከ3.8 እስከ 9.2 ወር ይሰፋል። ከ100 ልጆች አራት ያህሉ ደግሞ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ነው ቆመው የሄዱት። ሁለተኛዋ ልጄ በ15 ወሯ ነው ድክ ድክ ያለችው። የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ስለሄደ አያቷ ሥጋት ገብቷቸው ነበር። እኔ ተረጋግቼ ጠበቅኳት። በታላቅ ወንድሟ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሐኪም አዳርስ ነበር።

የስፋቱ ሌላ ገጽ ደግሞ አለ። ስፋቱ ካለቀ በኋላ «ቆይ ይመጣል» ማለት አይጠቅምም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 የልጅ ዕድገት መለኪያ ዝርዝሩን ሲያሻሽል ከ100 ልጆች ቢያንስ 75ቱ የሚደርሱበትን ዕድሜ ነው የያዘው። ቀድሞ ግማሾቹ የሚደርሱበት ነበር። ለውጡ ለወላጅ ትልቅ ትርጉም አለው። ልጁ በዚያ ዕድሜ ካልደረሰ መጠየቅ ተገቢ ነው ማለት ነው። ችግር አለበት ማለት ግን አይደለም፤ ይታይ ነው የሚለው።

በቋንቋ በኩል የያዝኳቸው እነዚህ ናቸው። በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ያገናኛል፤ «ውሃ ስጪኝ»፣ «አባ መጣ»። በሦስት ዓመቱ የማያውቀው ሰው እንኳ አብዛኛውን ንግግሩን ይረዳዋል። በአራት ዓመቱ አራትና ከዚያ በላይ ቃላት ያሉት ዓረፍተ ነገር ያወራል። የኔ ልጅ በሦስት ዓመቱ የሚያወራውን የምንረዳው እኔና ሞግዚቷ ብቻ ነበርን። ሁሉም ሰው «አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» ይለኝ ነበር። እውነት ነው፣ አባቱ ዘግይቷል። ግን የአባቱ ታሪክ የልጁን ጆሮ አይመረምርም። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ቤት አማርኛ፣ ከአያት ጋር ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚሰማ ልጅ ካላችሁ ቃላቱን በሁሉም ቋንቋ ደምራችሁ ነው የምትቆጥሩት። በአንዱ ብቻ ከቆጠራችሁ ትሳሳታላችሁ።

አማርኛችን ራሱ የልጅ ዕድገትን ደረጃ በደረጃ ሲጠራ የኖረ ቋንቋ ነው። ዳኸ፣ ድክ ድክ አለ፣ አፉን ፈታ፣ ነፍስ አወቀ። አያቶቻችን የልጁን ጉዞ እያዩ ነው ስም ያወጡለት። ጨዋታዎቹም እንደዚያው ናቸው። እትዬ ይህን ሲያስረዱኝ ቤቴ ውስጥ ያለውን ነገር በሌላ ዓይን አየሁት። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር መዝለልና ሚዛን ነው። ብይ ለጣት ነው፤ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት እርሳስ የሚይዙት በዚያው አያያዝ ነው። ድብብቆሽ ላይ ዓይን ጨፍኖ «ነጋ» እስኪባል መጠበቅ ራስን መግዛት ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ ከዚህ የከበደ ሥራ የለውም። እንቆቅልሽ ቃል ነው፣ ሐሳብ ነው፣ ተራ መጠበቅም ነው።

ስለዚህ ማታ ደብተሩን ዘጋሁት። ወጥ ስሠራ እሱ አጠገቤ ምስር ይለቅማል። በትሪ ላይ ምስሩን ዘርግቼ ጠጠሯን እንዲያወጣ እሰጠዋለሁ። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ በሁለት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ፣ አንዷን ጠጠር አንስቶ ሲያሳየኝ ፊቱን ብታዩት! አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል። ካልሲውን አጥቦ ይጨምቃል። ሊጥ ሲኖር ድቡልቡል ይሠራል። ፊደል ገበታው ግድግዳ ላይ ቀረ፤ እየዘመርን በጣት እንቆጥራለን፣ እንጽፍ ግን አንልም። ቅዳሜ ከቻልን አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እንሄዳለን፣ ወይም ወዳጅነት ፓርክ ይሮጣል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብረውት ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱት የሰፈር ልጆች ተበተኑ። መንገዱ ሰፍቷል፣ ለእግረኛም ተመችቷል፣ ግን ጓደኛ አብሮ አልተሠራም። ለዚህ መፍትሔ አላገኘሁም። የቀሩትን ሁለት ሦስት እናቶች እየደወልኩ ማሰባሰብ ብቻ ነው የቻልኩት።

ትምህርት ቤቱን ማነጋገር ከባዱ ነበር። ስሄድ ተቆጥቼ ነበር የሄድኩት። መምህርቷን ከ40 ልጅ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሳያት ቁጣዬ በረደ። የሐኪሙን ወረቀት ሰጠኋት። ሦስት ነገር ለመንኳት፦ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ስታናግሪው ፊትሽን ይይ፣ ከኋላ አትጥሪው። ዓይኗ እንባ ሞላ። በማግስቱ ቦታውን ቀየረችለት። ተረት ሲነበብ ተነስቶ መሄዱም በዚያው ሳምንት ቀረ።

ርእሰ መምህሩ ዘንድ ግን የቤት ሥራውን ማስቀነስ ሌላ ትግል ሆነ። «ወላጅ ነው የሚጠይቀን፣ ካልሰጠን ልጆቻቸውን ያስወጣሉ» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ እንጠይቃለን። ሌላው ትምህርት ቤት ልጆቹ እንግሊዝኛ ያነባሉ ሲባል እንሸበራለን። ስለዚህ አምስት ወላጆች ሆነን ተመለስን። ጻፉ የሚለው ቀርቶ ሥዕልና ቅርጽ ይሁን አልን። ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። የአማርኛው ገጽ ወደ ግማሽ ወረደ፣ እንግሊዝኛው እንዳለ ቀረ። ለእንግሊዝኛው እኔ በየቀኑ «ዛሬ ተጫውቷል» ብዬ ፈርሜ እልክ ነበር። ማንም አልቀጣውም።

ልጃችሁ ላይ ጥርጣሬ ካላችሁ፣ እኔ ዛሬ ቢሆን የማደርገውን ልንገራችሁ። ከ15 ወሩ የኩፍኝ ክትባት በኋላ ልጄን ጤና ጣቢያ የወሰድኩት ሲያመው ብቻ ነበር። አሁን ትንሿን በልደቷ ሰሞን ሳትታመም ይዣት እሄዳለሁ፣ ስለ ንግግሯና ስለ አካሏም እጠይቃለሁ። ከተማችን በጀመረችው የቀዳማይ ልጅነት ልማት ሥራ ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን የሚያማክሩ ሴቶች አሉ፤ ደጃችሁ ከመጡ አስገቧቸው፣ ጠይቋቸው። ንግግር ከዘገየ በመጀመሪያ ጆሮ ይታይ። ከኋላ ቀስ ብሎ መጥራት ምርመራ አይደለም፣ ግን ሐኪም ዘንድ ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው። ያወራ የነበረ ልጅ ቃሉን ካቆመ፣ ወይም ይሄድ የነበረ ልጅ መሄዱን ከተወ ደግሞ ዕድሜው ስንትም ቢሆን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሳምንት ውሰዱት።

ሐኪም ፊት ልጁ ዝም ይላል፣ እናንተም የምትሉት ይጠፋችኋል። እኔ የመጀመሪያውን ቀን «አይሰማም» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሲጫወትና ሲያወራ ሁለት ደቂቃ ያህል በስልካችሁ ቅረጹት። የጀመረበትን ቀን፣ ጉንፋን የያዘውን ጊዜ፣ የሚላቸውን ቃላት በወረቀት ጻፉ። የመገናኛ ደብተሩንም ያዙ። የኛ ሐኪም ብዙ ደቂቃ ያነበበው እሱን ነበር።